የጥርኝ ንጽሕናና የእኛ ኀላፊነት

ልጆችን ስለ ንጽሕና ስናስተምር «እንስሳ እንኳ ራሱን ያጸዳል» ማለትን እናዘወትራለን። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ይበልጥ የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ በካፋ ምድር የታወቀውን የጥርኝን ጠባይ መነሻ አድርገን አሳባችንን ለመግለጽ ወደድን።

ጥርኝ በጫካ ሲኖር ሌሊት እየተዘዋወረ ፍሬና ነፍሳትን ይመገባል። ዓይነ ምድሩን ግን በደረሰበት ሁሉ አይጥልም፤ በሚመላለስበት መንገድ አጠገብ ወደ ለየው አንድ ስፍራ እየተመለሰ በዚያ ይጸዳዳል። በውጭ አገር ልጆች በቤት የሚያሳድጉት ሃምስተር የሚባለው አይጥ መሰል እንስሳም እንዲሁ ነው፤ የፊት እግሮቹን እየላሰ ፊቱንና ጸጉሩን ያብሳል፤ የማደሪያውን አንድ ማዕዘን ለሽንቱ ይለያል። ዛሬ በየቤቱ የሚገኙት የሶርያ ሃምስተሮች አብዛኞቹ በ1922 ዓ.ም. በሐለብ አጠገብ ከተያዙት ጥቂቶች የተወለዱ ናቸው፤ ትውልዳቸው በሰው እጅ ቢያልፍም ጠባያቸው አልጠፋም። የባለቤቱ ፈንታ እንስሳውን በውሃ መንከር ሳይሆን ማደሪያውን ማስፋትና የቈሸሸውን ጉዝጓዝ መለወጥ ነው።

ይኸው ጥርኝ ለዝባዱ ሲያዝ ግን ሌላ ነገር እናያለን። ዝባድ ከጥንት ጀምሮ ከካፋ ወደ ውጭ ሲወጣ የኖረ፣ ለሽቶ መሥሪያ የሚፈለግ ውድ ዕቃ ነው። በልማዳዊው አያያዝ እንስሳው ሰውነቱን ለማዞር እንኳ በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ማጎሪያ ይቀመጣል። በጫካ ስፍራ መርጦ የሚጸዳዳው ፍጥረት ከዓይነ ምድሩ የሚርቅበት መንገድ የለውም። ጠባዩ አልተለወጠም፤ የተወሰደበት ስፍራው ነው።

ሰውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ተማሪው እጁን ሳይታጠብ ወደ ክፍል ቢገባ፣ ከመገሠጻችን በፊት በመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ውሃና ሳሙና መኖሩን እንመልከት። ልጃገረዶች መዝጊያ በሌለው መጸዳጃ ቤት መጠቀምን ቢፈሩ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። «ልማድ ከሌለ ውሃው ቢኖርም አይጠቅምም» የሚሉ ይኖራሉ። ልማድ ግን በመደጋገም ይገኛል፤ የሚደጋገምበት ስፍራ በሌለበትም ልማድ አይበቅልም።

ዝናብ በሚበዛበት በቦንጋና በአካባቢው ከትምህርት ቤት ጣራ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል አጠራቅሞ ለእጅ መታጠቢያ ማዋል ከባድ ወጪ አይጠይቅም። መክፈቻና መዝጊያ የተገጠመለት አንድ ጀሪካንም ለመጀመሪያ ይበቃል። ጥርኝ የሚያረቡ ሰዎችም ማጎሪያውን ያስፉ፤ በየዕለቱም ይጥረጉ፤ ከጠረጉም በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች በሚቀጥለው ስብሰባቸው «ልጆቻችን ንጹሓን ናቸውን?» ብለው ከመጠየቃቸው አስቀድመው «ንጹሕ የሚሆኑበትን ስፍራ ሰጥተናቸዋልን?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።