የለፋው ሌላ፣ «ባለቤት ነኝ» ባዩ ሌላ

በአንዳንድ ቤተሰቦች እናት፣ ልጅና አክስት ተራ በተራ በጡት ካንሰር የሚያልቁት ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ጥያቄ ይዘው የተነሡት ወጣቷ አሜሪካዊት የዘረ-መል ተመራማሪ ሜሪ-ክሌር ኪንግ ናቸው። በዚያ ዘመን የብዙ ካንሰር ተመራማሪዎች ዓይን ያረፈው ቫይረስ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ውስብስብ በሽታ በአንድ ዘረ-መል ጉድለት ሊወረስ ይችላል የሚለውን ሐሳብ ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነው።

ኪንግ ግን አልተመለሱም። የሰው ልጅ ዘረ-መል ካርታ ገና አልተሠራም። ቤተሰብ በቤተሰብ፣ የደም ናሙና በደም ናሙና ቀጠሉ። በ1988 ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1,500 በላይ ቤተሰቦችን መረጃ ተንትነው በሽታው በአንዳንዶቹ ዘንድ በእርግጥ በዘር እንደሚተላለፍ አሳዩ። በ1990 ደግሞ 146 የጡት ካንሰር ሕመምተኞች የተገኙባቸውን 23 ቤተሰቦች መርምረው ዘረ-መሉ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ ለዓለም አበሰሩ። ዛሬ «ብራካ 1» የምንለው እሱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

ነገሩ የሚመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ቦታው ሲታወቅ ቤተ ሙከራዎች ተሽቀዳደሙ። በ1994 ዘረ-መሉን ለይቶ በማውጣት የቀደመው በዩታ የሚገኘው ሚሪያድ ጄኔቲክስ ኩባንያ ከአጋሮቹ ጋር ነበር። ይህም ትልቅ ሥራ ነው፤ አይካድም። ኩባንያው ግን በዚህ አልበቃውም፤ በዘረ-መሉ በራሱ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሌላ ቤተ ሙከራ ብራካን ልመርምር ቢል ክስ ይጠብቀዋል። የምርመራው ዋጋ ከ3,000 ዶላር በላይ ደረሰ። ጡቷንና የእንቁላል ዕጢዎቿን በተመለከተ ከባድ ውሳኔ የምትወስን ሴት ውጤቱን ሌላ ዘንድ ወስዳ ማረጋገጥ አትችልም ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት!

ተከላካዮቹ «መብት ከሌለ ማን ገንዘቡን ያፈስሳል?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው። መንገዱን የጠረገው አብዛኛው ምርምር የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ደማቸውን የሰጡትም ሕሙማን ቤተሰቦች ናቸው። ደግሞስ ማግኘትና መፍጠር መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አየ። ስላየ ግን ዓባይ የእሱ አልሆነም፤ የአገሬው ሰውም ከእሱ በፊት ይጠጣው ነበር።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 2013 ላይ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ይህንኑ አሉ፦ በተፈጥሮ የሚገኝ ዲኤንኤ ከሰውነት ተነጥሎ ስለወጣ ብቻ ፈጠራ አይባልም፤ በቤተ ሙከራ የሚሠራው ቅጂ ግን ሊባል ይችላል። በዚያው ቀን ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ምርመራውን በአነስተኛ ዋጋ እንደሚሰጡ አስታወቁ። «ኢንዱስትሪው ይሞታል» ሲባል የነበረው የት ገባ? ምርመራው ረከሰ፣ ተስፋፋ እንጂ አልሞተም።

ይህ ማለት ግን ችግሩ አለቀ ማለት አይደለም። ኩባንያው በብቸኝነት ዘመኑ ያከማቸውን የውጤት መረጃ ለዓመታት ለሌሎች ተመራማሪዎች ዘግቶ ይዞት ነበር። የዓለም የዘረ-መል መረጃ ደግሞ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ነው። ስለዚህ የአፍሪካ ዝርያ ያላት ሴት፣ በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ የምትኖር ኢትዮጵያዊትም ትሁን፣ ስትመረመር «ለውጥ አለ፤ ትርጉሙ ግን አይታወቅም» የመባል ዕድሏ ከነጯ ይበልጣል። ይህን መልስ ይዛ ምን ታድርግ? ትታከም? ትተወው?

ይህን ክፍተት የሚሞላው የኪንግ መንገድ ብቻ ነው፦ ረጅም ትዕግሥት፣ የሕዝብ ገንዘብ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ መረጃ። የአፍሪካ መንግሥታት ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ሊያውሉ ቃል ከገቡ ቆይተዋል፤ አብዛኞቹ ግን አልደረሱበትም። ጥቂት ብር በጅተው «የዘንድሮ ውጤትህ የታለ?» እያሉ ተመራማሪውን የሚያፋጥጡ ባለሥልጣናት ከ1974 እስከ 1990 ስንት ዓመት እንደሆነ ይቁጠሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ኪንግን በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ «ዘረ-መሉን አምጪ» የሚል አለቃ ቢኖራቸው ኖሮ፣ ዛሬ እናቷን በጡት ካንሰር ያጣች ልጅ ራሷን የምታስመረምርበት ነገር ባልኖረ።