እውነት የሚመስለውና እውነት የሆነው

ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ፣ የሌሊቱ ቅዳሴ አብቅቶ፣ ቤተሰብ በአንድ ገበታ ዙሪያ ከተሰበሰበ በኋላ በየቤታችን የሚሆነው የታወቀ ነው። ቡና ይፈላል፤ ቴሌቪዥን ይከፈታል፤ የጌታችንን ሕማምና ትንሣኤ፣ አለዚያም የሙሴን ወይም የኖኅን ታሪክ የሚያሳይ ፊልም ይጀመራል። ፊልሙ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ክርክር ይነሣል። አንዱ «ይህስ ልክ በዚያን ጊዜ እንደነበረው ነው!» ብሎ ያደንቃል። ሌላው «ይህን ሁሉ ተገርፎ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከቶ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው የተዋናዩን ሰማያዊ ዓይን፣ አራተኛው በምድረ በዳ የተጓዘው ሕዝብ ልብስ አለማርጀቱን እያነሣ ይነቅፋል።

ይህን ክርክር እንደ ተራ የቡና ወግ ቆጥረን ልናልፈው አይገባንም። ተመልካቹ የፊልም ሙያ ባይማርም ያየውን የመመዘን መብት አለው። ነገር ግን ሚዛኑ ምንድን ነው? እንደ እኛ አስተያየት አብዛኛው ተመልካች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ እነርሱም እውነት መምሰልና እውነት መሆን ናቸው። በተራ ፊልም ይህ መቀላቀል ያን ያህል ጉዳት የለውም። ታሪኩ ከቅዱስ መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆንና ከተመልካቾቹም መካከል ልጆቻችን ሲገኙ ግን ነገሩ የእምነት ጉዳይ ይሆናል።

ተመልካች ምን እንደሚቀበልና ምን እንደማይቀበል ለማወቅ የሕንድን ፊልም ማስታወስ ይበቃል። በተራራ ጫፍ ላይ የቆሙ ሁለት ወጣቶች ከየት እንደመጣ በማይታወቅ የሙዚቃ መሣሪያ ታጅበው ሲዘፍኑ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥም ልብሳቸው ሦስት ጊዜ ሲለወጥ «ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል የለም። የፊልሙ ሥርዓት እንደዚያ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና። ዳሩ ግን በዚያው ፊልም ውስጥ ልጇን የቀበረች እናት ያለ በቂ ምክንያት በማግሥቱ ስትስቅ ብትታይ፣ ተመልካቹ ወዲያው «ውሸት!» ይላል። ከ2300 ዓመት በፊት የነበረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፉ፣ ሊሆን የማይችል ሆኖ የሚያሳምን ነገር፣ ሊሆን እየቻለ ከማያሳምን ነገር እንደሚመረጥ አስተምሯል። አባቶቻችንም «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ። ተመልካች በመጀመሪያ የሚፈልገው የልብን እውነት ነው።

የዓይን እውነት ግን ከመሣሪያ ጋር ይለወጣል። ሲሲል ቢ. ደሚል የተባለው አሜሪካዊ አዘጋጅ «ዐሥርቱ ትእዛዛት» የተሰኘውን ፊልም ሁለት ጊዜ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1923 በሠራው ድምፅ አልባ ፊልም የተከፈለውን የኤርትራ ባሕር ግድግዳ ያሳየው ጄላቲን ከሚባል እንደ እርጎ ከረጋ ነገር ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በሠራው ደግሞ በትልቅ ገንዳ ውስጥ ብዙ ውኃ እንዲፈስ አድርጎ ፊልሙን ወደ ኋላ በማጫወት ባሕሩ የተከፈለ አስመሰለ። ይህም ለፊልሙ በልዩ ቅንብር የኦስካርን ሽልማት አስገኘ። የዚያ ዘመን ተመልካች በመገረም አፉን ይዞ ነበር፤ በኮምፒዩተር ቅንብር ያደገው የዛሬ ልጅ ግን ያንኑ ባሕር አይቶ ይስቃል። እንግዲህ ለአያት እውነት የመሰለው ለልጅ ልጅ እውነት ካልመሰለ፣ መምሰል የሚያረጅ ነገር ነው ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 14 የተጻፈው ግን ያን ጊዜም ዛሬም ያው ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስገርመው፣ እውነት የማይመስለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ወደ መጽሐፉ የቀረበው ሆኖ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዳረን አሮኖፍስኪ ባዘጋጀው «ኖኅ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ መርከቡ አፍንጫና ጅራት የሌለው፣ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። በሕፃናት መጻሕፍት ላይ ሾጣጣ መርከብ ማየት የለመደ ተመልካች «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት መርከብ ነው?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የሚሰጠው ልክ ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 30 ክንድ ሲሆን፣ ስለ መርከብ አፍንጫ የሚናገረው ነገር የለም። በግእዙም የኖኅ መርከብ ስሙ «ታቦት» ነው፤ ይኸውም ሣጥን፣ ማኅደር ማለት ነው። ስለ ልብስ አለማርጀት የሚነቅፈውም ወንድማችን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8ን ቢያነብ፣ የእስራኤል ልብስ በአርባው ዘመን እንዳላረጀ ተጽፎ ያገኘዋል። በአንጻሩ በዚሁ «ኖኅ» በተባለው ፊልም ውስጥ ድንጋይ የለበሱ ግዙፋን መርከቡን ሲሠሩ ይታያሉ። ስማቸው «ትጉሃን» የሚለው ከመጽሐፈ ሔኖክ የተወሰደ ቢሆንም፣ ሙሉው ተጠብቆ በእኛ በግእዝ የሚገኘው ይህ መጽሐፍ ስለ ድንጋይ ለባሽ አናጢዎች አይናገርም። እንደነዚህ ያሉት ግዙፋን ግን ብዙ አያሰጉንም፤ ፈጠራ መሆናቸውን ሕፃን እንኳ ያውቃልና።

እኛን የሚያሳስበን እውነት የሚመስለው ፈጠራ ነው። ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው ሜል ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውና በበዓሉ ሰሞን በብዙ ቤት የሚታየው የክርስቶስን ሕማም የሚያሳየው ፊልም ነው። ተዋንያኑ በአራማይስጥ፣ በዕብራይስጥና በላቲን ይናገራሉ። ተመልካቹ የማያውቀውን ጥንታዊ ቋንቋ ሲሰማ በቦታው የተገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያን ዘመን በምሥራቁ የሮም ግዛት ሰፊ መግባቢያ የነበረው ጽርዕ አይሰማም። ቅዱስ ዮሐንስ ግን በምዕራፍ 19 በመስቀሉ ላይ የተጻፈው ጽሕፈት በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በጽርዕ እንደነበር መስክሯል።

በፊልሙ ውስጥ የጲላጦስ ሚስት ለእመቤታችን ነጭ ጨርቅ ትሰጣለች፤ እመቤታችንም በዚያ ጨርቅ በግርፋቱ የፈሰሰውን ደም ይጠርጋሉ። ልብ የሚነካ ትርኢት ነው። ሆኖም ወንጌል ስለ ጲላጦስ ሚስት የሚነግረን ስላየችው ሕልም ብቻ ነው፤ እርሱም በማቴዎስ ምዕራፍ 27 ይገኛል። የጨርቁ ታሪክ የመጣው አና ካትሪና ኤመሪክ የተባለች ጀርመናዊት መነኵሲት አየችው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1833 ከታተመው ራእይ ነው። እንደዚሁም ቁራ መጥቶ የፈያታዊ ዘጸጋምን ዓይን ሲነቅል ይታያል፤ በአራቱም ወንጌላት ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ይህ ምን ጉዳት አለው የሚል ይኖር ይሆናል። በአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ሁለቱ ወንበዴዎች ጥያቄ ሲቀርብ አንድ ወጣት «አንደኛው ቁራ ዓይኑን የነቀለው ነው» ብሎ መለሰ። ምዕራፉን አውጣ ቢባል የሉቃስን ወንጌል ገልጦ ፈለገ፤ አጣውም። ፊልሙን ግን አልተጠራጠረም። «በሌላው ወንጌል ይኖራል፤ አለዚያም በትርጉም ጊዜ ቀርቶ ይሆናል» አለ። እንግዲህ አደጋው ይህ ነው፤ በዓይን የታየው ሙሉ፣ የተጻፈው ግን ጎደሎ መስሎ ታየው።

ግርፋቱንም እንመልከት። በፊልሙ ብዙ ደቂቃ የሚወስደውን ቅዱስ ዮሐንስ በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። ወንጌላውያን ሕማሙን አቃልለው አልነበረም፤ የተገረፈው ማን እንደሆነና ለምን እንደተገረፈ እንድናስብ ነው። ደሙን ብቻ ስንመለከት «ሰው ይህን ይችላልን?» ወደሚል የሐኪም ጥያቄ እንወርዳለን፤ ለምን የሚለው ጥያቄም ይረሳል።

በሌላ በኩል ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ የተባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1964 የማቴዎስን ወንጌል በፊልም ሠርቷል። ሰውየው አማኝ አልነበረም። ተዋንያኑም ሙያተኞች ሳይሆኑ ከተራው ሕዝብ የተመረጡ ነበሩ፤ ቦታውም ኢየሩሳሌም ሳይሆን ማቴራ የተባለች የደቡብ ጣሊያን ከተማ ነበረች። ነገር ግን ንግግሩን ከማቴዎስ ወንጌል ወሰደ። ልብሱና ቦታው ባይመስልም ቃሉ የወንጌሉ ነው። ከሁለቱ የትኛው ለእውነት ይቀርባል? አንባቢ ይፍረድ።

በዚህ ረገድ እኛ ኢትዮጵያውያን ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ትምህርት አለን። በአብያተ ክርስቲያናቶቻችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ከሓድያንና አጋንንት ግን በጎን በኩል፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። በጥንታውያን ሥዕሎች ውስጥ ጠመንጃ የታጠቁ የቅዱስ መጽሐፍ ዘመን ወታደሮችም ይገኛሉ። ሠዓሊው ግን ማንንም አላታለለም። አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰው አለ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ምእመን የለምና። ሥዕሉ «እንዲህ ይመስሉ ነበር» አይልም፤ «እንዲህ ነበሩ» ይላል እንጂ። ፊልም ግን በባሕርዩ ፎቶግራፍ ስለሆነ «በዓይናችሁ አያችሁ» እያለ ይናገራል፤ በመሆኑም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ጌታችንም በምሳሌ ሲያስተምር ይህን ጥበብ አሳይቶናል። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲናገር እውነተኛ መንገድ መረጠ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚያወርደው ጎዳና በእርግጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድና ገደላማ ነው፤ ወንበዴ ቢያደባበት የሚያስገርም አይደለም። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ስለ ባለ ዕዳው አገልጋይ ሲናገር ግን ዕዳውን እልፍ መክሊት አደረገው። አንድ መክሊት 6 ሺህ ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። ስለዚህ ዕዳው የ60 ሚሊዮን ቀን ደመወዝ ይሆናል፤ አንድ ሠራተኛ ያለ ዕረፍት ቢሠራ ከ160 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይህን ያህል የተበደረ አገልጋይ በየት ይገኛል? አድማጮቹ ግን ምሳሌ መሆኑን ያውቃሉ። መጠን የሌለው ዕዳ መጠን የሌለውን ምሕረት ያሳያል። ሰሙ ባይመስልም ወርቁ እውነት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ፊልም አንይ አንልም። ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ታሪኩን ያሳያል፤ የደነደነ ልብንም ያለዝባል። የምንለው ሊቃውንቶቻችን በጉባኤ ቤት ያቆዩልን ሥርዓት በቤታችንም ይጠበቅ ነው። በጉባኤ ቤት በመጀመሪያ ንባቡ ይነበባል፤ ከዚያ መምህሩ «አንድም» እያሉ ይተረጕማሉ። ንባቡና ሐተታው የሚቀላቀልበት ተማሪ የለም። ፊልምም የአንድ ሰው ሐተታ ነው፤ መልካም ሐተታ ሊሆን ይችላል፤ ንባብ ግን አይደለም። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ የቤቱ አባት ወይም እናት ወንጌሉን አውጥተው ያንኑ ክፍል ያስነብቡ። ልጆችንም «ከተጻፈው ውስጥ ያላየነው የትኛው ነው? ካየነውስ ያልተጻፈው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። በግማሽ ሰዓት የሚፈጸም ይህ ሥራ ልጁን ከፊልሙ ደስታ ሳይለየው የቃሉን ባለቤት ያደርገዋል።

በመጨረሻም ዛሬ የምናከብረው በዓል ራሱ በዚህ ሚዛን ተመዝኖ እንደነበር እናስታውስ። ጲላጦስ እውነት ምን እንደሆነች በጠየቀ ጊዜ እውነት በፊቱ ቆማ ነበር፤ ነገር ግን የታሰረ ሰው እንጂ እውነት አልመሰለውም፤ መልሱንም ሳይጠብቅ ወጣ። በትንሣኤው ማለዳም ሴቶቹ ከመቃብሩ ተመልሰው ያዩትን ሲናገሩ፣ ሉቃስ በምዕራፍ 24 እንደመሰከረው፣ ለሐዋርያት ነገሩ እንደ ቅዠት ሆነባቸው፤ አላመኑምም። ሊሆን ይችላል በሚያሰኝ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ ይህን ወሬ የሚቀበል አንድም ሰው ባልተገኘ ነበር። እውነት ስላልመሰለ እውነት መሆኑ አልቀረም። ጴጥሮስ ግን ተነሥቶ ወደ መቃብሩ ሮጠ፤ ጎንበስ ብሎም ተመለከተ። እኛም ያየነውንና የሰማነውን ከምንጩ ድረስ ሄደን እንድንመረምር አምላካችን ይርዳን።

መልካም የትንሣኤ በዓል።