የዱር ወፍ የቤት እንስሳ ሊሆን ይችላልን?

በዶሃ ኦልድ ኤርፖርት ሠፈር፣ ንጋትና ምሽት በዛፎች ላይ የሚንጫጫው ቡናማ ወፍ ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። መንቆሩና የዓይኑ ዙሪያ ቢጫ የሆነው ይህ ወፍ ማይና ይባላል። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከእስያ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት፣ በቤት እንዲኖሩ ከውጭ ከመጡ በኋላ ያመለጡ ወይም የተለቀቁ ወፎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ማይናን ከ100 እጅግ አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች መካከል መድቦታል። የኳታር የአካባቢና የአየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴርም ወፉን በወጥመድ እየያዘ ቁጥሩን ለመቀነስ በመሥራት ላይ ይገኛል።

ይህ ሁኔታ የዱር ወፍን በቤት ማኖር ይቻል እንደሆነ ያስጠይቃል። መልሱ በወፉ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በተገኘበት መንገድም ይወሰናል። በሰው እጅ የተፈለፈለና ሕጋዊ ሰነድ ያለው ወፍ አንድ ነገር ነው፤ ከጫካ ተይዞ የተሸጠ ወፍ ግን ሌላ ነው።

ኳታር ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በተለምዶ ሳይቲስ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ተቀላቅላለች። በ2002 የወጣው ሕግ ቁጥር 4 የዱር እንስሳትና አዕዋፍ አደንን፣ በ2006 የወጣው ሕግ ቁጥር 5 ደግሞ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ ይገዛሉ።

ለዚህ ቁጥጥር ዓይነተኛው ምሳሌ ጭልፊት ነው። በጭልፊት ማደን በ2010 ኳታርን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ስም በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሱቅ ዋቂፍ ለጭልፊት ብቻ የተቋቋመ ሆስፒታል አለ። ይህን ያህል የተከበረ ወፍ እንኳ ድንበር የሚሻገረው የራሱን ፓስፖርት ይዞ ነው። ለጭልፊት የሚጠየቀው ማስረጃ ለበቀቀን ሊቀር አይገባም። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በ2016 በጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይቲስ ጉባኤ ከፍተኛ ጥበቃ ወደሚሰጠው ምድብ ተዛውሯል፤ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ማዘዋወርም ተከልክሏል።

ጉዳዩ ከጤናም ጋር የተያያዘ ነው። የበቀቀን ትኩሳት የሚባለው በሽታ ከደረቀ የወፍ ኩስ በሚነሣ ብናኝ ወደ ሰው ተላልፎ ሳንባን ያጠቃል። በርካታ ሠራተኞች አንድ ክፍል በሚጋሩበት ቤት፣ አንዱ ያመጣው ወፍ የሁሉም ጉዳይ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 በብሪታንያ ለይቶ ማቆያ በነበሩ ወፎች ላይ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ከተገኘ በኋላ ከዱር የተያዙ ወፎች እንዳይገቡ አግዷል፤ በ2007ም እገዳውን ቋሚ አድርጎታል።

ከአገር ቤት ወፍ ይዞ ለመምጣት የሚያስብም ሁለት ሕጎች ይጠብቁታል። ኢትዮጵያ ከ1989 ጀምሮ የሳይቲስ አባል ናት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ያስቀጣል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ግንባረ ቢጫ በቀቀን ከደኑ ሲወጣ በሌላ አገር ደን የሚተካው የለም።

በመሆኑም ወፍ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ምንጩን ሊጠይቅ ይገባል። ሻጩ የመጣበትን የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው ግዢውን መተው ይሻላል። ከጎጆው የወደቀ ጫጩት ሲገኝም፣ ጉዳት ከሌለበት እናቱ ልትመግበው በምትችልበት ቅርብና ጥላ ያለው ስፍራ ማስቀመጥ ይመረጣል። በቤት ያደገ ወፍ የሰለቸው ሰው ደግሞ መስኮት ከፍቶ መልቀቁን እንደ ጽድቅ ሊቆጥረው አይገባም። ወፉ መኖ መፈለግ ካልቻለ ይሞታል፤ ከቻለ ደግሞ እንደ ማይና የሌላውን ወፍ ጎጆ ይወርሳል። ለሚንከባከበው ሌላ ሰው ማስረከብ ለወፉም ለአካባቢውም ይበጃል።