ሁሉን ከአንድ ደጅ ስለሚሰጥ የገበሬ ደንበኝነት

በጮሌ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚዘራ ገበሬ ለአንድ መኸር ብዙ ደጅ ይጠናል። ማዳበሪያው በኅብረት ሥራ ማኅበር፥ የተመረጠው ዘር በሌላ ዘንድ፥ የአረምና የዋግ መድኃኒት በነጋዴ ሱቅ፥ ብድሩ በከተማ፥ ማጨጃው ኮምባይነር በደላላ እጅ፥ ገዥውም በገበያ ቀን ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ በጊዜው ያልደረሰ እንደ ሆነ፥ የቀሩት ሁሉ ቢሟሉም የዓመቱ ድካም ከንቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገበሬው በዓመት የተወሰነ ገንዘብ እየከፈለ ይህን ሁሉ ከአንድ ደጅ የሚያገኝበት የደንበኝነት አገልግሎት ይቋቋም የሚለው አሳብ መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን የአርሲ ምድር የዚህን አሳብ ፍሬውንም እሾሁንም አስቀድማ ያየች ናትና፥ የወረዳ ሹማምንት ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ያለፈውን ሊመረምሩ ይገባል።

አገልግሎቱ በአንድነት መሰጠት ያለበት ስለ ምን እንደ ሆነ የዋግ ታሪክ ያስረዳል። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ስንዴ ላይ በተነሣ ጊዜ፥ በብዙ ማሳ ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዘር ክፉኛ ተጎዳ። ገበሬውም ቢጫ ዋግን ይቋቋም ወደ ነበረው ወደ ዲገሉ ዘር ፊቱን መለሰ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሣና ዲገሉን ራሱን አጠፋው። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል አዲስ ዘር ለማውጣት ቢተጋም፥ ዘር ብቻውን ጋሻ አይሆንም። በሽታው በጎረቤት ቀበሌ መታየቱን ቶሎ የሚናገር ሰው፥ በዚያው ሳምንት የሚገኝ መድኃኒት፥ ለመድኃኒቱም የሚሆን ገንዘብ በአንድነት ሲገኙ ብቻ ማሳው ይድናል። ሦስቱ በሦስት ቦታ ተለያይተው ከተቀመጡ ግን፥ ገበሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ዋጉ ይቀድመዋል።

ይህን በአንድነት የማገልገል ሥራ በአገራችን በሰፊው ከፈተኑት የመጀመሪያው፥ በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአሰላ የተቋቋመውና ካዱ ተብሎ የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ዘርን፥ ማዳበሪያን፥ ብድርን፥ ምክርንና ገበያን በአንድ ጥቅል አድርጎ ለገበሬው አቀረበ። በመጀመሪያው ዓመት በብድር የገቡት ገበሬዎች ከሁለት መቶ ያልበለጡ ሲሆኑ፥ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ከዐሥር ሺሕ በላይ ሆኑ። ገበሬ አዲስ ነገር አይወድም ለሚሉት ሁሉ ይህ በቂ መልስ ነው። ገበሬ የሚጠቅመውን በዓይኑ ካየ ማንም ሳይጎትተው ይመጣል። ከዚህም ትምህርት ተወስዶ በ1964 ዓ.ም. አነስተኛ ጥቅል ፕሮግራም የተባለው ሥራ ወደ ሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ተዳረሰ። ጮሌ በዚያን ጊዜ በአርባ ጉጉ አውራጃ ውስጥ፥ ከጭላሎ ውጭ ስለ ነበረች፥ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ድርጅቱ አርዱ ተብሎ ሥራው ለመላው አርሲ እስኪሰፋ ድረስ መቆየት ግድ ሆነባት።

የዚህ ሥራ እሾህ ግን ሊደበቅ አይገባም። በዚያን ዘመን ጭሰኛ የነበረው ገበሬ ብድር ለማግኘት የባለመሬቱን ፊርማ ማምጣት ነበረበት። ስለዚህ የአገልግሎቱ በር ለእርሱ የተከፈተው በሌላ ሰው እጅ ነበር። ከዚህም የከፋው፥ መሬቱ በአዲሱ ዘርና ማዳበሪያ አብዝቶ ማፍራቱን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር ገዝተው በራሳቸው ማረስ ሲጀምሩ፥ ብዙ ጭሰኞች ከያዙት ማሳ ተነቀሉ። ድርጅቱ የተቋቋመው ለትንሹ ገበሬ ሲሆን፥ የደከመበት ልማት ትንሹን ገበሬ ለማስነቀል ምክንያት ሆነ። ምርት መጨመሩ እንጂ ምርቱ ለማን እንደሚጨምር አስቀድሞ አልተመከረበትም ነበርና።

ሁለተኛው እሾህ ኋላ የመጣ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የኤክስቴንሽን ሥርዓት ጥቅሉን ወደ ብዙ ሚሊዮን ገበሬ ባደረሰ ጊዜ፥ የክልል መንግሥታት በበጀታቸው ለማዳበሪያው ብድር ዋስ ሆኑ። ዋስ የሆነ ደግሞ ዕዳውን መሰብሰቡ አይቀርምና፥ ምክር ሊሰጥ ወደ ገበሬው ቤት ይሄድ የነበረው የልማት ሠራተኛ ዕዳ ጠያቂ ሆኖ መሄድ ጀመረ። ገበሬ መምህሩን ሲያይ ከተደበቀ ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ሕግ ይወጣል። ደንበኛ ማለት ወዶ የገባ፥ ሲከፋውም መውጣት የሚችል ሰው ማለት ነው። መውጣት የማይቻልበት ደንበኝነት ስሙ ደንበኝነት ይሁን እንጂ ነገሩ ግብር ነው። ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የወጣው አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባልነት በፈቃድ እንዲሆንና እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው የደነገገው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ አገልግሎት በጮሌ ቢጀመርም ተገቢ ቦታው በሹም ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ገበሬዎች ራሳቸው በመሠረቱት ሁለገብ ማኅበር ውስጥ ነው።

በአፈጻጸሙም አራት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል። መጀመሪያ፥ ክፍያው በሰኔ፥ ጎተራ በሚጎድልበትና ዘር በሚገዛበት ወራት ሳይሆን፥ እህል ተወቅቶ ከገባ በኋላ በጥር ይጠየቅ። ሁለተኛ፥ የሚከፈለው ገንዘብ ለየትኛው አገልግሎት ምን ያህል እንደ ሆነ ተለይቶ ይጻፍና ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ደረሰኝ ይሰጠው፤ በአርሲ ገጠር ይህ ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ኦሮምኛ ነው። ሦስተኛ፥ መንግሥት ያለ ዋጋ የሚሰጠው ነገር በጥቅሉ ውስጥ ገብቶ እንዳይሸጥ። የልማት ሠራተኛ ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበላል፤ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመርም የእርሻ ምክርን ለገበሬ ያሰማው ያለ ክፍያ ነው። ደንበኛው ሊከፍል የሚገባው ለዕቃው፥ ለማጓጓዣው፥ ለመርጫውና ለማከማቻው እንጂ ለምክሩ አይደለም። አራተኛ፥ በእኩል የሚያርሰው፥ ማሳ የተከራየው፥ ባልዋ የሞተባትም ሴት በራሳቸው ስም ይመዝገቡ፤ የሌላ ሰው ፊርማ አምጡ አይባሉ።

አንዳንድ ሹማምንት ገበሬው እንደ ፈቀደ የሚወጣ ከሆነ የማኅበሩ ገንዘብ እንዴት ይጸናል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በብዙ ሰው ስም መድኃኒት አስቀድሞ የገዛ ማኅበር ደንበኞቹ በመካከል ቢተዉት ይከስራል። ነገር ግን መፍትሔው ማስገደድ አይደለም። ውሉ ለአንድ መኸር ብቻ ይሁን፤ የገባ ሰው መኸሩን ይፈጽም፤ በጥር ሒሳቡ በአባላት ፊት ከተነበበ በኋላ ለሚመጣው ዓመት ይቀጥል ወይም ይሰናበት። ማኅበሩ በዚያ ወር ብዙ ደንበኛ ካጣ፥ አገልግሎቱ ምን እንደ ጎደለው ከማንኛውም ሪፖርት ይልቅ ግልጥ ሆኖ ይታያል። ሰው በግድ የተያዘበት ማኅበር ግን ጉድለቱን ሳያውቅ ይኖርና አንድ ቀን በድንገት ይፈርሳል።

እንግዲህ የወረዳው ሹም ድርሻ ሦስት ነው፤ መንገዱን ማስጠገን፥ ሒሳቡ በታማኝ ሰው መመርመሩን መከታተል፥ የተበደለ ደንበኛ ሲጮኽ መስማት። ዕዳ መሰብሰብና ስንት ሰው እንዲገባ በኮታ ማዘዝ የእርሱ ሥራ አይደለም። የአገልግሎቱም መልካምነት በየቀበሌው በተጻፈው የደንበኛ ብዛት አይመዘን። በጥር ወር ሒሳቡን ሰምቶ፥ መውጣት እየቻለ ለሁለተኛ ዓመት በፈቃዱ የቀረው ገበሬ ስንት እንደ ሆነ ይቆጠር። ለጮሌ ደጋ ገበሬ የሚበጀው ደጅ ብዙ ሰው የተነዳበት ሳይሆን የገባው ሰው ወዶ የሚመለስበት ነውና።