መቀመጫው ለሚመጣውም ለሚሄደውም



በኮምፒውተር ክፍል ማውስ ሲሰካ ቀስቱ ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ነገሩ ተራ ይመስላል። ተማሪዎች ከጀርባው ያለውን አሠራር ቢያጤኑት ግን ስለ ማሽን ብቻ ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤትም ይማሩበታል እንላለን።

በሊነክስ ኮምፒውተር ላይ መስኮቶችን በስክሪን የሚያሳይና የተጫነውን ቁልፍ ለተገቢው ፕሮግራም የሚያደርስ አስተናባሪ ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ኤክስ ዊንዶ ሲስተም ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ሠርቷል። በቀድሞው አሠራር ኪቦርድና ማውስ አስቀድመው በአንድ ፋይል ይመዘገቡ ነበር። ዘግይቶ የተሰካ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አስተናባሪው እንደገና እስኪነሣ ድረስ አይታወቅም ነበር። ይህ በ2007 በወጣው እትም መሻሻል ጀመረ።

በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ደግሞ መጤን ከመነሻው ጠብቆ ተነደፈ። መሣሪያዎችን የሚያሰባስብበትን ክፍል ስሙን «መቀመጫ» ብሎታል። ኪቦርድ ያልነበረው መቀመጫ ኪቦርድ ሲሰካለት አስተናባሪው ለፕሮግራሞቹ ያስታውቃል፤ የመጨረሻው ኪቦርድ ሲነቀልም እንዲሁ። ሥራ አይቋረጥም፤ ማንም እንደገና አይጀምርም።

ከሁሉ የሚበልጠው የስንብቱ ነገር ነው። አንድ ቁልፍ እንደተጫነ ኪቦርዱ ቢነቀል «ተለቅቋል» የሚል መልእክት ከመሣሪያው አይመጣም፤ ፊደሉም ያለማቋረጥ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ሊብኢንፑት የተባለው ሶፍትዌር በተነቀለው መሣሪያ ምትክ ቁልፉ መለቀቁን ያሳውቃል።

የማኅበረሰብ ትምህርት ቤትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ወላጅ ሥራ ይቀይራል፤ ቤተሰብ አገር ይለውጣል፤ ልጅ በጥር ይመጣል፣ በሚያዝያ ይሄዳል። አንዳንዶች በዓመቱ አጋማሽ የሚመጣ ተማሪ የክፍሉን ሥርዓት ያናጋል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በመስከረም ዝርዝር ብቻ የሚመራ ትምህርት ቤት ያንን የድሮ ፋይል ይመስላል። የሚናጋው ሥርዓት መጤን ያልጠበቀ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ መምህራን ለአዲስ ገቢ መጽሐፍና ወንበር አስቀድመው እንዲያዘጋጁ፣ ተማሪዎችም መጤውን ባልንጀራቸውን በጨዋታም በጥናትም እንዲያስገቡ እንጠይቃለን። ወላጆች ደግሞ መልቀቂያ ሲያስቡ ቀደም ብላችሁ ንገሩን። የልጁ ውጤት ተሟልቶ፣ የተዋሰው መጽሐፍ ተመልሶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተሰነባብቶ ይሂድ። ተጭኖ የቀረ ቁልፍ አይኑር።

መልካም የዕረፍት ጊዜ!