ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር፤ ስልኩስ?

ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ስለ «ፕላዝማ» ጠይቋቸው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው ቴሌቪዥን ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍበት ነበር። እኛም ጋይንት ሆነን ተምረንበታል። ችግሩ፣ ፕላዝማው አይጠብቅም። ጥያቄ ያቀርብና እስክሪብቶ ሳታነሳ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ክፍለ ጊዜው አበቃ ማለት ነው። መምህራችን ዳር ቆሞ አብሮን ያያል።

ይህን ያነሳሁት ዛሬም ተመሳሳይ ወሬ ስለምሰማ ነው። «ታብሌት ይታደል፣ ኤአይ ያስተምር፣ ስልክ ካለ መምህር ምን ያደርጋል?» ይባላል።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017ም 8.4 በመቶ ነው። ጣታችንን 12ኛ ክፍል ላይ እንቀስራለን እንጂ ልጁ የወደቀው እዚያ አይደለም። አራተኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ሳይገባው አለፈ። ሰባተኛ ላይ «ኤክስን ፈልግ» ሲባል ያው ክፍልፋይ አነቀው። ዘጠነኛ ላይ ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ጭራሽ ተስፋ ቆረጠ። ሒሳብ እንደ ጋይንት ተዳፋት እርከን ነው፤ የላዩ ከተናደ የታቹ አይተርፍም።

በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ተመልሶ የሚመጣውን ልጅ በዕድሜው ክፍል ማስቀመጥ ቀላል ነው። የሚጠቅመው ግን ካቆመበት ማስጀመር ነው።

ስለዚህ በጀቱም ሥልጠናውም መጀመሪያ ወደ አንደኛ ደረጃ መምህር ይሂድ ባይ ነኝ። በደንብ የሠለጠነና ደመወዙ የሚያኖረው መምህር ክፍልፋይን በቁናና በዳቦ ያስረዳል። የውሃ ግፊትን ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያሳያል፤ ከታችኛው ቀዳዳ ውሃው በርትቶ ሲወጣ ልጁ በዓይኑ ያያል። ቤተ ሙከራ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እስኪሠራ ግን ልጁ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ስልክ ከፕላዝማ በአንድ ነገር ይሻላል፤ ማቆም ይቻላል። የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ግን የልጁን ፊት የሚያይ ሰው ነው።

እናንተ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ ያደጋችሁ ልጆች፣ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ የሒሳብ ቪዲዮ ዳውንሎድ አድርጋችሁ ያዙ፤ ኔትወርክ አትመኑ። አንድ ታናሽ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ግራ ሲገባው ቪዲዮውን አቁሙና «እስቲ አሁን አንተ አስረዳኝ» በሉት። ከዚያ ጠብቁት።