መጀመሪያ የሚሞረደው ምላሳችን ነው

እስቲ እንነጋገር። በትርፍ ጊዜው ቢላ መሥራት ያማረው የከተማ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄው ‹‹የቱን ባለቺንጋ ግራይንደር ላስመጣ? ስንት የፈረስ ጉልበት ያለውን?›› ነው። ጉልበት ስለት አያወጣም ወንድሜ!

ቆቃ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚበልተው ሰው የሚፈልገው ቀጭን፣ ስለቱ ቶሎ የማይዶለዱም ቢላ ነው። ከመኪና ባሌስትራ ቆርጠህ በእሳትና በዘይት ያጠነከርከው ብረት ቺንጋው ላይ ግሎ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ (300 ዲግሪ ገደማ ደረሰ ማለት ነው) ጥንካሬው ሄደ፤ ውሃ ውስጥ ብትነክረውም አይመለስም። ስለዚህ ከጉልበቱ በፊት ፍጥነቱ የሚቀነስ መሆኑን እይ፣ ባልዲ ውሃም አጠገብህ አስቀምጥ። ቺንጋውንም አስቀድመህ ሱቅ ለሱቅ ጠይቅ። 5 በ183 ሳንቲሜትር የውጭዎቹ ቢላ ሠሪዎች መለኪያ ነው፤ መተኪያ ካጣህለት ማሽንህ የሳሎን ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት ግን በወናፍና በሞረድ ስለት የሚያወጣውን ቀጥቃጭ ጠይቀው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኛ ግን ዛሬም እሱ ሲሠራው ‹‹ቡዳ››፣ ራሳችን በማሽን ስንሠራው ‹‹ሆቢ›› እንላለን። ከብረቱ በፊት ምላሳችን ይሞረድ!